የሬዲዮው አፈሙዝ

ከቢቸና ስንወጣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ላንድክሩዘሯን በሦስተኛ ማርሽ እያስጮህኩ፣ ጥር ያደረቀውን መንገድ ይዤ ወደ ሰሜን ስነዳ አቧራው ከኋላችን ተነስቶ አገር ይሸፍናል። ያን ቀን መንገድ ዳር ቆሞ ያየን ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሰው የሚያህለው የሬዲዮ አንቴና ከጣሪያው ወደ ፊት ጎንብሶ፣ ኮፈኑ ላይ ተጋድሞ፣ ከመኪናዋ የፊት ብረት ጋር በጥቁር ሽቦ ታስሯል። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ኋላ ሌላ ሰው እንዳይነግራችሁ ብዬ ነው።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ነው። ስልክ ከጠፋ አምስት ወር አልፎታል፤ ሰው ሞባይሉን የሚይዘው ለመብራቱ ብቻ ነበር። ከቢቸና ሞጣ ወሬ የሚሻገረው በእግረኛ፣ በአውቶቡስ ሹፌር፣ አለዚያም በእኛ ሬዲዮ ነው። እኛ የምለው ጽናት የሚባለውን የአምቡላንስ ማኅበር ነው፤ ሁለት አሮጌ መኪና፣ በየከተማው አንዳንድ የሬዲዮ ጣቢያ፣ አንድ ማኅተምና አንድ ሊቀ መንበር።

ሊቀ መንበሩ ሻለቃ አካለ ወልድ ከጎኔ ተቀምጠዋል። በድሮው ጦር የእግረኛ ሻለቃ ነበሩ። ካኪ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ጺማቸው የተላጨ፣ በደረት ኪሳቸው ሁለት እስክሪብቶ የሰኩ፣ ቁመታቸው እንደ በር መቃን ቀጥ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ዛሬም ስለ እሳቸው ሳወራ «ሄዱ፣ መጡ» የምለው ልማድ ይዞኝ እንጂ ያን ቀንስ ከአንድ ጊዜ በላይ «አንተ» ልላቸው ቃጥቶኛል።

ከኋላ ቃሬዛው ላይ ይርጋነሽ ተኝታለች። ምጥ የያዛት ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው። ልጁ በማኅፀኗ አግድም ተኝቶ አልዞር ብሏል፤ ያለ ቀዶ ጥገና አይወለድም። አዋላጇ ሲስተር ምስራቅ በአጠገቧ ተንበርክካለች። እንዳለው የሚባለው ባሏ የግሉኮሱን ከረጢት በአንድ እጁ ወደ ላይ ይዞ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ፣ ከተነሳን ጀምሮ አንድም ቃል አልተነፈሰም። በሩ ጥግ በተረፈው ቦታ ላይ ሀሲና ተቀምጣለች፤ ለማኅበሩ ሬዲዮ የምትተክል፣ የምትጠግን የሞጣ ልጅ ናት።

ቢቸና ላይ በዚያ ሰሞን ኦክስጅን አልቆ ቀዶ ጥገና አይሠራም። የሚሠራው ሞጣ ነው፤ ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ ባሉበት። እሳቸው ግን የዚያን ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ባሕር ዳር ከሚሄደው አጀብ ጋር ሊወጡ ነው። መንገዱ የሚከፈተው በሳምንት አንድ ቀን ስለሆነ ከሄዱ እስከ ሳምንት አይመለሱም። እኛ ደግሞ ኬላውና ጉድጓዱ ተጨምሮ የአራት ሰዓት መንገድ አለን። በጎማ እንደማንደርስባቸው ሁላችንም አውቀነዋል። ያለን ተስፋ በሬዲዮ አንድ ዐረፍተ ነገር ማድረስ ብቻ ነው፦ ዶክተር አይሂዱ፣ አንዲት ወላድ ይዘን እየመጣን ነው።

ከከተማው እንደወጣን ሻለቃ መናገሪያውን ከመስቀያው አነሱ።

«ሞጣ፣ ሞጣ፣ ቢቸና አንድ ነኝ። ሞጣ ይሰማል?»

ሬዲዮው እንደሚጠበስ ነገር ተንጫጫ። ደገሙ፣ ሠለሱ። ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው ከኪሳቸው ማስታወሻ አወጡና ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ ወደ ኋላ ዞር አሉ።

«ወንድምሽን አየሽው አንቺ ልጅ? ዛሬም የለም።»

ሀሲና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አለ ሻለቃ» አለች። «የማይሰማን አንቴናው ስለተኛ ነው።»

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሀሲና ከሞጣ መጥታ የቢቸናውን ጣቢያ ተከለች። ግቢው ውስጥ ምሰሶ አቆመች፣ ምሰሶው አናት ላይ አንቴናውን ቀጥ አድርጋ አሰረች፣ የመኪናዋንም ጣሪያ ላይ እንዲሁ አቆመች። በሞጣው ጣቢያ ሬዲዮ የሚይዘው ወንድሟ አብዱሰመድ ሲያናግረን እዚያው ክፍል ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። ሻለቃ ግን ከቢሮ ወጥተው ምሰሶውን ዙሪያውን ዞሩት።

«ሞጣ በየት በኩል ነው?»

«በሰሜን።»

«ይሄ ነገርሽስ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወዴትም አያይም ሻለቃ። ቆሞ ነው የሚሠራ።»

«ስሚ ልጄ፣ አንቴና ማለት የሬዲዮ አፈሙዝ ነው። ሞጣን ለመምታት ሰማይ ላይ ትተኩሻለሽ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አስበልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ስለ ሬዲዮ ቢነግሩት ላይገባው ይችላል፤ ስለ አፈሙዝ ከነገሩት ግን ወዲያው ይገባዋል። ጫፍ ያለው ነገር ሁሉ ይነጣጠራል ብለን ነው ያደግነው። ዱላም ሆነ ጃንጥላ ከያዝን ወደምንናገረው ሰው እንደግናለን። የሰፈራችን ሚሊሻዎች የእጅ ሬዲዮ ሲሰጣቸው ደረታቸው ላይ አጋድመው አንቴናዋን ወደሚጠሩት ቀበሌ አነጣጥረው ነበር የሚያወሩት፤ አልሰማ ሲላቸው ደግሞ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስተካክሏታል። ያን እያየሁ አንድ ቀን እንኳ «ምን እያደረጋችሁ ነው» አላልኩም፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ።

ሀሲና አልሳቀችም። መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ በጣቷ እየሣለች ልታስረዳ ሞከረች። «ኩሬ ውስጥ ሸንበቆ አቁመው ቢነቀንቁት ሞገዱ ዙሪያውን ይሄዳል። በሸንበቆው ጫፍ በኩል የሚወጣ ነገር የለም። የአንቴናም እንዲሁ ነው፤ ጉልበቱ ጎኑ ላይ ነው እንጂ ጫፉ ላይ አይደለም። ሞጣ ላይ ጫፉን ካነጣጠሩበት ሞጣ ምንም አይደርሳት። ደግሞ የወንድሜ አንቴና ቆሟል፤ የቆመና የተኛ አይደማመጡም። ሁለቱም መቆም አለባቸው።»

«እኔ በጦር ሜዳ ሽቦ መሬት ላይ ዘርግቼ ከአንድ ክፍለ አገር ወደ ሌላው አነጋግሬያለሁ» አሉ ሻለቃ።

«እሱ ሌላ ዓይነት ሬዲዮ ነው።»

«ሬዲዮ ሬዲዮ ነው።»

ሀሲና ወደ ሞጣ በተመለሰች ማግስት መሰላል አስይዘው ምሰሶው ላይ አወጡኝ። አንቴናውን ወደ ሰሜን አጋደምኩት። ከመኪናዋም ጣሪያ ጎንበስ አድርጌ «ወደፊት ይይ፣ ወደምንሄድበት» እያሉኝ ከፊቱ ብረት ጋር ጠፈርኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ ግን እሳቸው ሲስሙ ጉንጭ ይዤ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ይባስ ብሎ ቅርብ ላይ ይሠራል። ገበያው ድረስ፣ ከከተማው ዳር እስካለው ጤና ኬላ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ሻለቃ ትክክል ሆኑ። የጠፋችው ሞጣ ብቻ ናት፤ ሞጣ ከጠፋች ደግሞ ጥፋቱ የሞጣው ሰው ነው። ሦስት ያልተመለሰ ጥሪ ቆጠሩበት። ሦስተኛው ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበርና «ሬዲዮውን ትቶ ጁምዓ ሄዷል» ብለው ደብዳቤ አስጻፉ። አብዱሰመድ ከዚያ ወንበር ላይ የሚነሳው ሰው ሲተካለት ብቻ መሆኑን ሞጣ ያለ ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቃል። የአባቱ የከማሉዲን ሱቅ ሠላሳ ዓመት ቴፕና ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሱቅ ነው፤ ሬዲዮ ክፍት ትቶ መሄድ በዚያ ቤት ነውር ነው። ቢሆንም ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማኅተም አረፈበት። ያን ቀን ሻለቃ ከእኛ ጋር ወደ ሞጣ የወጡት ያን ደብዳቤ በእጃቸው ሰጥተው አብዱሰመድን ሊያሰናብቱ ነው።

ሀሲና ይህን ሰምታ ነበር በዋዜማው ቢቸና ድረስ የመጣችው። ምሰሶው ላይ ልውጣ ብላ ለመነቻቸው። ከለከሏት። ከእኛ ጋር የተሳፈረችው ወደ ቤቷ ለመመለስ ነው።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ አራት ሰዓት ከዐሥር ይላል። እስከዚያ አምስት ጊዜ ጠርተን ነበር፤ አምስት ጊዜም ተጽፏል። ከከተማው መግቢያ ላይ ሻለቃ «ቁም፣ ቁም» አሉኝ። ከመንገዱ ዳር የቆሙ አንድ የድሮ የጦር ጓደኛቸውን አይተዋል። ወረዱ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ የልጅ ልጅ ተጠያየቁ፣ የሞተ ሰው ነፍስ ይማር አሉ።

ቆጥሬዋለሁ፤ ሰባት ደቂቃ ነው። በዚያ ሰባት ደቂቃ ውስጥ ይርጋነሽ የመኪናዋን ግድግዳ በጥፍሯ ትቧጭራለች።

ሀሲና የኋላውን በር ከፍታ ዘለለችና ከቦርሳዋ ፒንሳ አውጥታ ወደ ፊት መጣች። ሽቦውን ይዛ አንዱን ዙር እንደጀመረች ሻለቃ ከወዲያ ማዶ አዩዋት። አልጮሁም። ከጓደኛቸው ጋር የያዙትን ወሬ እንኳ በቅጡ አላቋረጡም።

«ሰማው» ብለው ጠሩኝ። «ያንን ፒንሳ ተቀበላት። የማኅበር ንብረት ነው የምትነካካው።»

«ጋሼ ሰማው» አለች ሀሲና፣ ወደ እኔ ሳትዞር። «አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀኝ። እሳቸው ስመው ሳይጨርሱ እጨርሳለሁ።»

ዘጠኝ ዓመት መኪና የነዳሁት የአለቃን ፊት እያየሁ ነው። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ሲሉኝ ነው ያደግሁ። ፒንሳውን ከእጇ ወሰድኩት። አልታገለችኝም። ፒንሳው በእጄ ከገባ በኋላ ቀና ብላ አየችኝ፤ ስድብ ቢሆን እመርጥ ነበር።

ሲስተር ምስራቅ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «የልጁ ልብ ይመታል፣ እባካችሁ እንሂድ» አለች። ሻለቃም ተመለሱ። «ሕመምተኛ ይዘን ሽቦ ስንፈታ አንውልም» አሉና በሩን ዘጉ።

ከደብረ ወርቅ በኋላ ያለውን መንገድ ላስታውሰው አልፈልግም። ሁለት ቦታ ኬላ አስቆመን፣ አንድ ቦታ የተቆፈረ መንገድ በማሳ ዞርን። ሻለቃ በየሩብ ሰዓቱ ይጣራሉ። ጥሪያቸውም እንደ ወታደር የተስተካከለ ነው፣ ቃል አይዛነፍም። ሬዲዮው ይንጫጫል። ይጽፋሉ። ከኋላ የይርጋነሽ ድምፅ መጀመሪያ ጩኸት ነበር፣ ቀጥሎ ማቃሰት ሆነ፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ሲስተር ምስራቅ ለራሷ እንደምትናገር ሰው አንድ ነገር ትደጋግማለች፤ ምጡን የሚያበርድ ክኒን ቦርሳዋ ውስጥ አለ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን መስጠት አትችልም። ምጡ ጋብ ካላለ ማኅፀኗ ሊቀደድ ነው።

ጉንደ ወይንን አልፈን ከፍ ያለው ሜዳ ላይ ስንወጣ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሲስተር ምስራቅ ማዳመጫዋን ከይርጋነሽ ሆድ ላይ አነሳችና «ሰማው፣ አቁም» አለች።

«አታቁም» አሉ ሻለቃ።

«የልጁ ልብ እየደከመ ነው ሻለቃ። ዶክተሩን ማናገር አለብኝ። ሀሲና ወርዳ ትፍታው።»

«እኔ እያለሁ—»

«እርስዎ እያሉም» አለች። ምስራቅ ድምፅዋ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜም አልጮኸችም፤ ግን ጥርሷ ሲፋጭ ይሰማ ነበር። «ሕመምተኛ የጫነች መኪና አዛዥዋ የጤና ባለሙያው ነው። የማኅበሩ ደንብ ነው፣ ከታች የፈረሙበት እርስዎ ነዎት። ሰማው፣ አቁም ብዬሃለሁ።»

ፍሬን ያዝኩ። በሕይወቴ የአለቃዬን ቃል የጣስኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ጣስኩት።

ሀሲና ከመኪናው ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች። ፒንሳውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ሽቦውን በሁለት ቦታ ቆረጠችው። አንቴናው ግን አልተነሳም። ሦስት ሳምንት ጎብጦ ከሥሩ የያዘው ብረት ተሰብሯል፤ ቀና ስታደርገው ተመልሶ ኮፈኑ ላይ ዘፍ ይላል። ጣሪያው ላይ ወጥታ በእጇ ደግፋ ብትይዘው ራሱ ሊሆን አይችልም፤ መኪናዋ መንቀሳቀስ አለባት። ዙሪያዋን አየች። ሜዳው ላይ የተቆረጠ የጤፍ ቃርሚያ እንጂ ጭራሮ እንኳ የለም።

የኋላው በር ተከፈተና እንዳለው ወረደ። የግሉኮሱን ከረጢት ለምስራቅ አስይዟት ኖሯል። ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሀሲና አቀበላት።

«ይኼ ይሆን እታለም? የከራ እንጨት ነው፣ አይታጠፍም።»

ወንድ ልጅ በእኛ አገር ዱላውን ለሴት ልጅ ቀርቶ ለወንድሙም አያውስም። እሱ ግን ሰጣት። ዱላውን ጣሪያው ላይ ካለው የፖርቶመጋላ ብረት ጋር አቆመችው፣ አንቴናውን ከሥር እስከ ጫፍ በዱላው ላይ አስደግፋ በሲስተር ምስራቅ ፋሻ ጠመጠመችው። እኔ ከታች ፋሻ እየቀደድኩ አቀብላለሁ። ሻለቃ ከወንበራቸው አልወረዱም፤ በፊት መስተዋቱ ፊት ለፊታቸውን ያዩ ነበር። ሥራው ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ከጓደኛቸው ጋር ከተሳሳሙበት ጊዜ አንድ ደቂቃ ያነሰ ነው።

ሀሲና በሻለቃ ጉልበት ላይ ተሻግራ መናገሪያውን አነሳች።

«ሞጣ፣ ቢቸና አንድ ነኝ።»

ቃሉን ሳትጨርስ መጣ። «ቢቸና አንድ፣ ሞጣ ነኝ፣ ጥርት ብላችኋል። ሀሲና ነሽ? ከጠዋት ጀምሮ እየጠራኋችሁ ነው። የት ጠፋችሁ?»

ሀሲና ዓይኗን ጨፍና ከፈተች፤ ከዚያ ስለ ወንድሟ አንድ ቃል ሳትጨምር መልእክቱን አስተላለፈች። ወላድ፣ ልጁ አግድም፣ ዶክተሩ አይሂዱ።

«ዶክተር ወጥተዋል» አለ አብዱሰመድ። «አጀቡ ቀደም ብሎ ተሰልፏል፣ መውጫው ላይ መኪና ውስጥ ናቸው። ሮጬ ልድረስባቸው እችላለሁ። ግን እዚህ የሚተካኝ ሰው የለም።» ቀጠለ። «ሻለቃ አብረዋችሁ አሉ?»

«አሉ።»

«የተከሰስኩት ጣቢያ ጥሎ በመሄድ ነው። ደብዳቤው ዛሬ እንደሚደርሰኝ ሰምቻለሁ። ጣቢያዬን ጥዬ እንድሄድ ሻለቃ ይፍቀዱልኝ።»

ሀሲና መናገሪያውን ወደ ሻለቃ ዘረጋች። ተቀበሉት። አፋቸው ጋ አደረሱት፤ ያ የተስተካከለ ወታደራዊ ድምፅ የት እንደገባ አላውቅም።

«ሂድ» አሉ።

«ስምዎን ይበሉ» አለች ሀሲና። «ማን እንደፈቀደለት ይሰማ።»

«ሻለቃ አካለ ወልድ ነኝ። ጣቢያውን ልቀቅ። ሩጥ።»

እኔም ነዳሁ፤ ዱላው እንዳይናወጥ ጉድጓዱን እየመረጥኩ። ዐሥራ አራት ደቂቃ ሬዲዮው ባዶ ሆኖ ቆየ። ከዚያ የሚያለከልክ ሰው ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ረጋ ያለ ድምፅ።

«ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ ነኝ። አዋላጇን አገናኙኝ።»

ሲስተር ምስራቅ የመናገሪያው ገመድ እስከሚደርስበት አንገቷን አስግጋ ተናገረች። የደም ግፊቱን፣ የምጡን ብዛት፣ የልጁን ልብ። ዶክተሩ ሰምተው ሲጨርሱ «ምጡን የሚያበርደው ክኒን አለሽ?» አሏት።

«አለኝ ዶክተር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቢቸና ስንነሳ ጀምሮ።»

«አሁኑኑ ስጫት። በግራ ጎኗ አስተኛት። እጠብቃችኋለሁ» አሉ።

ሞጣ የገባነው ሰባት ሰዓት ከዐሥር ላይ ነው። ቃሬዛውን ከሆስፒታሉ በር ላይ ተቀብለውን ወሰዱና በሩን ዘጉ። አብዱሰመድ ከጣቢያው ሆኖ መስኮት ላይ እጁን ሲያነሳ ከሩቅ አየሁት፤ ሲሮጥ አንድ ጫማው ከእግሩ ወጥቶ ቀርቶ ኖሯል፣ በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ነበር። ወደ እኛ አልመጣም። ጣቢያውን ጥሎ አይመጣም።

ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እንዳለው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ቀረ። እጁ ዱላ መያዝ ስለለመደ የሚያደርግበትን አጥቶ አንዴ ወገቡ ላይ፣ አንዴ ብብቱ ሥር ያደርገዋል።

ዶክተሩ የወጡት ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቀጥ ብለው ወደ እሱ ሄዱ።

«ሚስትህ ትተርፋለች። ማኅፀኗም ደህና ነው። ልጁን ግን በሕይወት አላገኘነውም። ወንድ ነበር።»

እንዳለው ራሱን ነቀነቀ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ዶክተሩ ሊሄዱ ዞሩና ተመልሰው ሲስተር ምስራቅን አዩዋት። «ክኒኑን ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ወስዳው ቢሆን...» ብለው ጀመሩ፤ የእንዳለውን ፊት አይተው አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለጋቸውም፤ ሁላችንም መቁጠር እንችላለን። ከደብረ ወርቅ እስከዚያ ሜዳ አንድ ሰዓት ከሃያ ነው።

እንዳለው ወደ መኪናዋ መጣ። ጣሪያው ላይ በፋሻ ተጠምጥማ የቆመችውን ዱላውን ቀና ብሎ አየ።

«አያ ሰማው» አለኝ። «ያንን ሽቦ ማን ነበር ያሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ፒንሳውንስ ከልጅቱ የተቀበልከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያዘዘህስ?»

መልሱን እያወቀ ነው የጠየቀኝ። ደብረ ወርቅ ላይ ስታዘዝ እዚያው ነበር፣ የግሉኮስ ከረጢት ይዞ። ሻለቃ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተነሱ። ኮታቸው አቧራ ጠጥቶ ነጭ ሆኗል።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አሉ።

እንዳለው ብዙ አያቸው። ንዴቱ ከአንገቱ ሥር ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር። «ዱላዬ እዚያ ላይ ሥራ ይዟል ጌታው» አለ። «ሥራ ባይዝ ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም የምናፍርበትን ነገር አደርግ ነበር።»

ዱላውን አውርድልኝ አላለም። ዞሮ ወደ ሚስቱ ገባ።

ሻለቃ ቆመው ቀሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ሀሲና ተጠጉና፣ «አንቺ ልጅ» ማለታቸውን ትተው፣ በስሟ ጠሯት።

«ሀሲና፣ ነገ ቢቸና ምሰሶው ላይ ስትወጪ መሰላሉን እኔ ራሴ እይዝልሻለሁ።»

ይቅርታ መጠየቃቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ከእንደ እሳቸው ያለ ሰው ይህ ብዙ ነው ብዬ ልቤ መራራት ጀምሮ ነበር። የእሷ ግን አልራራም።

«መሰላሉን ሰማው ይይዘዋል» አለች። «እርስዎ ይጻፉ።»

«ምን ልጻፍ?»

«በወንድሜ ላይ እንደጻፉት ይጻፉ። በቀን፣ በሰዓት። አንቴናው በማን ትእዛዝ እንደተጋደመ፣ ሞጣ ለምን እንደጠፋች፣ ዛሬ ምን እንደሆነ። ማኅተምም ይረፍበት።»

ሻለቃ የስንብቱን ደብዳቤ ከቦርሳቸው አወጡና ገልብጠው በጀርባው ሊጽፉ ኮፈኑ ላይ ዘረጉት። እሷም አነሳችውና ለአራት ቀድዳ ኪሷ ከተተችው። ከራሷ ደብተር ንጹሕ ወረቀት ገንጥላ ሰጠቻቸው። ጻፉ። እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ሁለቱንም ጊዜ እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ሲጨርሱ ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አድርጋ «እዚህ ጋ 'ተጋድሞ ተገኘ' አይደለም፣ 'አስጋደምኩት' ነው» አለች። አስተካከሉት። ፈረሙ።

የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሀሲና ግን እስክሪብቶውን ከእጃቸው ወስዳ ወደ እኔ ዘረጋችው፤ ደብረ ወርቅ ላይ ፒንሳውን ስወስድባት እንዳየችኝ አድርጋ እያየችኝ ነው።

«አንተም ጋሼ» አለች።

ወረቀቱን በጉልበቴ ላይ አድርጌ ከሻለቃ ፊርማ ሥር ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ጥሩ አይደለም፤ ቢሆንም ሰው ሊያነበው ይችላል። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ፒንሳውን የቀማኋት እኔ ነኝ። ሹፌር ሰማው።